ጅማቱ ከየት ይወሰድ

ለምወድሽ እናቴ፣

በጌታ እንዴት ሰነበትሽ? ወገብሽን ክረምቱ እንዴት አደረገው? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ክብር ለእግዚአብሔር። በስልክ ሁሉን ያልነገርኩሽ፣ አክስቴ ካሳነሽ ስልክሽን በድምፅ ማጉያ ስለምታደርገው ነው። እኔ ዲላ ሆኜ ሳስነጥስ ጨለለቅቱ ሙሉ «ይማርህ» ይላል። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ በሞተረኛው በመላኩ ልኬልሻለሁ፤ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመምህራን ግጥሚያ ላይ የተበጠሰው ጉልበቴ ውስጥ ያለ ጅማት ነው። አንቺ ያልሽውን ወጌሻ አልናቅኩም፤ ወልደዮሐንስ ራሱ ነው ዳብሶ ዳብሶ «ይሄስ የኔ ሥራ አይደለም» ያለኝ። ሐዋሳ ያየኝ ሐኪም ደግሞ የተበጠሰው እንደማይሰፋ፣ በምትኩ ሌላ ጅማት ከራሴ ተወስዶ እንደሚተከል ነገረኝ። ከየት እንደሚወሰድ ምረጥ ሲለኝ ግራ ገባኝ።

አንዱ ከፊት፣ ከጉልበት ሎሚ በታች ያለው ነው። ከአጥንት ቁራጭ ጋር ስለሚወሰድ ቶሎ ይይዛል፤ ኳስ ተጫዋቾች የሚመርጡት እሱን ነው። ችግሩ፣ ብዙዎች ከዚያ በኋላ ሲንበረከኩ ያማቸዋል። ሌላው ከጭን ኋላ የሚወሰደው ነው። ለመንበርከክ ይሻላል፤ ነገር ግን እስኪጸና ጊዜ ይፈልጋል፣ ሩጫ ላይም የጭን አቅም ይቀንሳል። ከሎሚው በላይም ይወሰዳል፤ እሱን ግን ገና ብዙ እንዳልሠራ ሐኪሙ አልደበቀኝም።

ኳስ እንደምወድ ታውቂያለሽ፣ አንቺ ባትወጂውም። በዚህ ዕድሜዬ ዘገምተኛ ሆኜ ብመለስ ማንም አያሰልፈኝም። ልቤ ወደ ፊተኛው አደላ፤ አፌ ግን «ያለ ሕመም የምንበረከክበት የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሐኪሙ «ለጸሎት ነው?» ሲለኝ «ለጸሎትም» አልኩት። ትምህርት ቤታችን ባዮሎጂ የምታስተምረው ሮሆቦት አብራኝ ነበረች፤ የሐኪሙን ሥዕል ታስረዳኛለች ብዬ ነበር የወሰድኳት። እሷ ግን በመስኮቱ ወደ ውጭ ታይ ጀመር።

ከጭኔ ኋላ ተወሰደ። ስለ ኳሱ አዝኛለሁ፤ አልዋሽሽም። ማልያዬን በቦታዬ ለሚሰለፈው ለደጀኔ ሰጥቼ ስመለስ ባጃጅ ውስጥ አለቀስኩ። ግን አልቆጨኝም። አሁን በምርኩዝ ነኝ፤ ጥር ሳይደርስ እንደምንበረከክ ሐኪሙ ተስፋ ሰጥቶኛል።

አንድ ነገር ቀረ። አክስቴ በስልክ «ከሌላ ሰውም ይወሰዳል» ያልኩትን በግማሽ ሰምታ ነግራሽ፣ አንቺም በመላኩ በኩል «ያለኝ አንድ ልጅ ነው፤ ከኔ ይውሰዱለት፤ እኔ ከእንግዲህ የት ልሮጥ ነው» ብለሽ ልከሽ ነበር። እማዬ፣ ከሌላ ሰው የሚባለው ከሞተ ሰው ነው፤ እሱም ባገራችን በቀላሉ አይገኝም። መላኩ መልእክትሽን ሲነግረኝ ሮሆቦት ሰምታ ተነሥታ ወጣች፤ ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

ያንቺ ጉልበት እንዳለ ይቀመጥ። ሙቅ ውሃ ያዢበት፣ ቅባት ቀቢው፣ በቡና ለቀማውም ዳገት አታብዢበት። በጥር እንፈልገዋለን።

እግዚአብሔር ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ደጅሽንም በሰላም ያቆየው።

ልጆችሽ