«ነክሷል» ያልሁት ሞተር

ጥቅምት 21
አስቀድሼ መጣሁ። ዶሮዎቹን ለቀቅሁ፣ ጥሬ በተንሁ። ከዚያ ይህን ደብተር አወጣሁ።
አንድ ነገር ልጻፍ። ዐሥራ ስድስት ዓመት ለማንም ያልነገርሁት። ባለቤቴ አሰለፈችም ሳታውቀው ዐረፈች። ነፍስ አባቴም አያውቁትም።
የበላይነህ መኪና ሞተሯ አልነከሰም፣ ተጣብቆ አልቀረም ነበር። እኔ ነኝ ነክሷል ያልሁ።
በቃ። ተጻፈ።
ለምን ዛሬ? ትናንት እመቤት መጣችብኝ። የበላይነህ ልጅ፣ በሰኔ ከዱባይ የተመለሰችው። ያቺ ቀይ መኪና፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዘው ስፖርት መኪና፣ አባቷ ከሐራጅ የገዛት፣ እስካሁን ግቢያቸው ውስጥ ቆርቆሮ ሥር ቆማለች። ዶሮ ያድርባታል። እመቤት እሳት የሚሰጡትን ካንዴላዎች ነቅላ፣ ዘይት ጠብ ጠብ አድርጋ፣ ሞተሩን በመፍቻ አዙራዋለች።
«ጋሽ ሙላቴ፣ ነክሷል ብለው አልነበር? በእጄ ዞረ እኮ!»
ምን አልሁ? «ዝገቱ ለቆ ይሆናል» አልሁ።
ያውም በማርያም ዋዜማ።

ጥቅምት 22
ያን ቀን እንደነበረ ልጻፈው። ሳላሳምር።
በላይነህ መኪናዋን ዘይት ታፈሳለች ብሎ አመጣልኝ። የሞተሩ የላይ ክዳን ሥር ገብቶ ዘይት የሚያግደው ጓርኒሲዮን ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አዲስ ከጎንደር ማስመጣት ነበረብኝ። መኪናዋ ግን በማግሥቱ ትፈለጋለች። ጋራዤን ከከፈትሁ ገና ሦስት ወር... «አልችልም» ማለት ከበደኝ። የሳሙና ካርቶን በመቀስ ቆረጥሁ፣ ማስቲሽ ቀባሁ፣ ገጠምሁ። ለበላይነህ አልነገርሁትም።
በማግሥቱ ታናሽ ወንድሙ ዋልልኝ ከደብረ ታቦር አንበሳሜ ለሚዜነት ሄደባት። ሲመለስ ዳገት ላይ ቆመች። ጎትተው አመጡልኝ። ገና ኮፈኑን ስከፍት ገባኝ። ካርቶኑ ተበልቶ ዘይቱ ወጥቷል፣ የካንዴላዎቹን ጉድጓድ ሞልቶታል። እሳቱ ታፍኗል፣ ሌላ ምንም አልሆነችም። የዘይት መለኪያውን መዘዝሁ። ጫፉ ብቻ ረጥቧል።
«ምን ሆነች?» አለኝ በላይነህ።
«ዘይት ሳያይ ነድቷታል። ሞተሩ ነክሷል።»
እንዴት ፈጥኖ ከአፌ ወጣ? ዋልልኝ «ኧረ ጧት አይቻለሁ! ሙሉ ነበር! እናቴን!» ብሎ ማለ። በላይነህ «ደግሞ በእናታችን ትምላለህ?» ብሎ በጥፊ መታው። በሰው ፊት። እኔ አጠገባቸው ቆሜ እጄን በጨርቅ እጠርግ ነበር።
ዋልልኝ ወደ አንበሳሜ ሄደ፣ በዚያው ቀረ። ወፍጮ ቤት ከፈተ። ወንድማማቾቹ ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። እናታቸው ሲቀበሩ እንኳ አንዱ በወንዶች በር ሲገባ ሌላው በምሥራቅ በር ወጣ።
ሞተሩን ማንም አዙሮ አላየም። እኔ ብያለሁና።

ጥቅምት 25
እመቤት ደግማ መጣች። እኔው እንድሠራላት ትፈልጋለች። ካንዴላው፣ ገመዶቹ፣ ቦቢናው፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ሁሉን በሻንጣዋ ይዛ ገብታለች። ልብስ ትታ ዕቃ!
«መካኒክነት ከየት መጣ?» አልኋት።
«የማዳሜ ወንድም ጋራዥ ነበረው። ምሳ ሳደርስላቸው እየቆምሁ አያለሁ። ኋላ ምሳው ቀርቶ መፍቻ ማቀበል ሆነ።»
«አባትሽ ምን አሉ?»
«‹የሞተ ሬሳ አትጎርጉሪ› አለኝ።»
እምቢ ልላት ነበር። ወገቤን፣ ዓይኔን ላመካኝ ነበር። ከዚያ... እሺ አልሁ። መኪናዋ በእኔ እጅ ቆመች፣ በእኔ እጅ ትነሣ።

ጥቅምት 28
ክዳኑን ፈታነው። ካርቶኑ እዚያው ነበር። ጠቁሮ፣ ተጣብቆ። ባንዱ ጠርዝ የሳሙናው ጽሑፍ እንኳ ይነበባል።
«እንዴ! ይሄ ካርቶን ነው?» አለች እመቤት። «ማን ነው እንዲህ ያለ ጉድ የሠራ?»
«የዱሮ ሰው» አልሁ።
«ይሄ የዱሮ ሰው ጥሩ አድርጎ መገረፍ ነበረበት» ብላ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ። አብሬ ሳቅሁ!
ዞር ስትልልኝ ካርቶኑን ኪሴ ከተትሁት። ለምን? ልሰውረው ነው ወይስ ላሳየው? አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ይሸታል።

ኅዳር 1
ዝገት ስንፍቅ ዋልን። እመቤት አጎቷን ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለት ጊዜ ነው ያየችው። ሁለቱንም ከሩቅ።

ኅዳር 3
ሁሉን ገጣጠምን። ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ አንዴ አስነጠሰ፣ በጭስ ማውጫው ጧ! አለ። ዶሮዎቹ ተበተኑ፣ በላይነህ ከቤት ወጣ።
«ሙላቴ፣ ሬሳ ነው ስልህ!»
እመቤት ጎንበስ ብላ ገመዶቹን በጣቷ ተከተለች። «ጋሼ፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው የተቀያየሩ አይመስልዎትም?»
አየሁ። ልክ ነች።
«የኔ ስሕተት ነው» አልሁ። ጮክ ብዬ፣ በላይነህ እየሰማ።
«አይ፣ ይኸ ምን አለው» አለኝ በላይነህ።
ምንም አልነበረው። ቀላል ነበር። ሦስት ቃል። ያን ቀን ምን ያዘኝ?
ገመዶቹን አስተካክለን ደገምን። ተነሣች!! አጉረመረመች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ ረጋች። እመቤት እየዘለለች አቀፈችኝ። በላይነህ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። እጁን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ፣ ልክ በሬ እንደሚዳብስ ሰው።
«የነከሰ ሞተር እንዲህ ይነሣል?» አለ። እኔን ነበር የሚያይ።
መፍቻዎቼን መሰብሰብ ጀመርሁ።

ኅዳር 5
ነፍስ አባቴ መምሬ ጌጡ ዘንድ ሄድሁ። ነገርኋቸው። አልተቆጡም። ጭራቸውን አስቀመጡ።
«ስግደት ይስጡኝ» አልሁ።
«ስግደትማ ጉልበትህን ብቻ ያደክማል» አሉኝ። «ዋልልኝ የማኅበራችሁ ሰው አልነበረም?»
ነበር። የሚካኤል ጽዋ አብረን እንጠጣ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀርቷል፣ ከወንድሙ ጋር ተኳርፎ ጽዋ አይቀምስማ። በላይነህም ይደግሳል እንጂ አይቀምስም። እኔ ግን... በየወሩ በ12 የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴያችን ባዩ ይነሣና «የተቀያየመ፣ የበደለ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። በየወሩ ዝም እላለሁ። በየወሩ እቀምሳለሁ።
«እስክትናገር ድረስ እንዳትቀምስ» አሉኝ መምሬ። ሌላ ቀኖና አልሰጡኝም።

ኅዳር 7
ሥሯ ካርቶን አንጥፈን አሳደርናት። ጧት ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከታች በኩል ሁለት ጠብታ። የኋላው የዘይት ማገጃ ጎማ ነው። እመቤት «ይሄማ ምንም አይደል፣ ይተዉት» አለች።
አልተውም አልሁ። ሙሉ ቀን ፈጀብን። ወገቤ ተቆረጠ። ግን አልተውም።

ኅዳር 9
ከሥሯ ያነጠፍነው ካርቶን ደረቅ ነው። አንዲት ጠብታ የለበትም።

ኅዳር 11
የነገው የሚካኤል ድግስ ተረኛ በላይነህ ነው። እመቤት ጠላውን እየተመለከተች «አጎቴን ብንጠራውስ?» ስትለው ሰማሁ። «ጥፊ የቀመሰ ሰው ጠላ ይቀምሳል?» አላት።
ነገ። ባዩ ሲጠይቅ። አፌ ቢተሳሰርስ? የሳሙናውን ካርቶን እይዛለሁ። እኔ ዝም ብል እሱ ይናገራል።

ኅዳር 12
ከአንበሳሜ አሁን ገባሁ።
ጧት ሰፈሩ ሁሉ ጭስ ነበር። ኅዳር ሲታጠን። ሰው ሁሉ ቆሻሻውን በየበሩ ከምሮ ያቃጥላል። እኔም ጠርጌ ለኮስሁ። ካርቶኑ በእጄ ነበር። ዘይት የጠጣ ስለሆነ በአንድ ትንፋሽ ይነድ ነበር። ማን ያውቃል? ማንም። እሳቱ ጎን ቆምሁ። ብዙ ቆምሁ። ከዚያ ኪሴ መለስሁትና ወደ በላይነህ ቤት ሄድሁ።
ጽዋው ተከድኖ ቀርቧል። ባዩ ተነሣ፣ እንደ ልማዱ ጠየቀ። እኔም ተነሣሁ። ካርቶኑን በላይነህ ፊት አኖርሁት።
«ዋልልኝ ዘይቱን አይቶ ነበር። ያፈሰሰው ይህ ነው። የቆረጥሁት እኔ ነኝ። ሞተሩም አልነከሰም ነበር።»
በላይነህ ካርቶኑን አነሣ። አሸተተው።
«ስመታው አጠገቤ ነበርህ» አለ።
«ነበርሁ።»
«እጅህን ትጠርግ ነበር።»
«አዎ።»
የሚመታኝ መሰለኝ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ጋቢውን ለበሰና ተነሣ። «እመቤት፣ ቁልፍ ለሙላቴ!» እመቤት አመጣችው። እጄ ላይ አላኖረችውም፣ አጠገቤ መደቡ ላይ አስቀምጣልኝ ፊቷን አዞረች። በላይነህ «አንተ ንዳ። በራስህ አፍ ትነግረዋለህ» አለኝ። ባዩ ጽዋውን በነጠላ ሸፈነው። «እንጠብቃለን» አለ።
እስከ አንበሳሜ በላይነህ መንገዱን ያያል። የሚሰማው ሞተሩ ብቻ ነው። ጥሩ ይሠራል።
ዋልልኝ ወፍጮው ተዘግቶ፣ ነጭ ለብሶ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። መኪናዋን ሲያይ ብድግ አለ። ወርጄ ፊቱ ቆምሁ። ነገርሁት። ከካርቶኑ ጀምሬ። ሳላሳምር። «ማረኝ» አልሁ፣ ጎንበስ ብዬ።
«ጋሽ ሙላቴ» አለኝ። «ልጆቼ አባታቸው ያደገበትን ቤት አያውቁትም እኮ።»
ምሬሃለሁ አላለኝም። ኮፈኑን ከፈተ። የዘይት መለኪያውን መዘዘ፣ በነጭ ጋቢው ጫፍ ጠረገው፣ መልሶ ከትቶ መዘዘው። ለወንድሙ ዘረጋለት።
«አያ፣ እየው። እዚህ ድረስ ነው። ያን ቀንም እዚህ ድረስ ነበር።»
በላይነህ መለኪያውን ተቀብሎ አየ። ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ ግንባሩን የዋልልኝ ትከሻ ላይ ጣለ። መለኪያው በእጁ እንደተያዘ፣ ዘይቱ በሁለቱም ጋቢ ላይ እየተቀባ።
ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ ጽዋው፣ ዋልልኝ ነዳ። በላይነህ አጠገቡ ተቀመጠ። ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው።
እኔ በሚኒባስ መጣሁ።