አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ

ለማከብርህና ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ፣ ለወንድም ጋሼ፤

እንደምን ሰንብተሃል? አንተስ ደህና፣ ጉልበትህስ ደህና፣ እጅህስ? የባለቤትህ ወገብ እንዴት ሆነላት? ልጆቹስ፣ እማማስ፣ ያ ሲነሳ ሰፈሩን የሚያናውጠው መጋዝህስ ደህና ነው? እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ ጤናዬም ሥራዬም አይታማም። ያስቸገረኝ ናፍቆትህ ብቻ ነው፤ እሱንም ራሴ ያመጣሁት ስለሆነ በማንም አላሳብብም።

ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። አምስት ወር ሙሉ ስደውል ወይ አታነሳም፣ ወይ አንስተህ ለልጅህ አቀብለህ ትሄዳለህ። አልፈርድብህም። በልጅህ ምርቃት ቀን ያ ሁሉ እንግዳና ደንበኛህ በተቀመጠበት የለስላሳውን ብርጭቆ ከእጅህ ነጥቄ ስለ ስኳር በሽታህ ንግግር ያደረግኩብህ እኔ ነኝ። ልጆችህን ያለ አባት ልታስቀር ነው ወይ ያልኩህም እኔው ነኝ። ሌላ ሰው እንደዚያ ቢልህ አንገቱን አንቄ ባወጣሁት ነበር። አንተ ግን ብድግ ብለህ ወደ ጓዳ ገባህ።

ታዲያ ባለፈው ወር መጀመሪያ ላይ ምን ገጠመኝ መሰለህ። ጤና ጣቢያችን ለስድስት ቀን ሥልጠና ላከኝ። ሰዎች አመጋገባቸውን፣ እንቅስቃሴያቸውን፣ ሲጋራና መጠጣቸውን እንዲያስተካክሉ እንዴት እንደምናግዛቸው የሚያስተምር ነው፤ ግማሾቻችን ጤና ባለሙያዎች፣ ግማሾቻችን መምህራን ነበርን። ምክር በመስጠትማ ማን ይቀድመኛል፣ እኔው ላሠልጥን እንጂ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ገባሁ። አንተ በልጅነቴ ሬዲዮ ብለህ ስም ያወጣህልኝ በከንቱ አልነበረም።

በሁለተኛው ቀን አሠልጣኟ፣ መነጽሯን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ረጋ ያለች ሴትዮ፣ ሁለት ሁለት አድርጋ አጣመረችን። አንዱ ታካሚ ይሆናል፣ ሌላው አማካሪ፤ ታካሚው ግን የፈጠራ ሳይሆን የገዛ ራሱን ችግር ነው የሚያወጣው። ለእኔ የደረሰኝ አንድ የስፖርት መምህር ነው። ፊሽካው ካንገቱ ስለማይወርድ ስሙም ፊሽካ ሆኖ ቀርቷል። የስፖርት መምህር ሆኖ ያጨሳል፤ እኔም ጥሩ ሲሳይ አገኘሁ ብዬ ጀመርኩለት። አጠገባችን የተቀመጠች መምህርት የፊሽካን የሩጫ ሰዓት ይዛ፣ እኔ ስናገር እያስነሳች፣ ዝም ስል እያቆመች ትለካ ነበር። ስንጨርስ ሰዓቱን ላዳራሹ አሳየችው። ከተሰጠን አምስት ደቂቃ ውስጥ አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንዱን የተናገርኩት እኔ ነኝ። ለበሽተኛዬ አርባ ሰከንድ ደርሶታል፤ እሷንም ቢሆን እሺ፣ እሺ እያለ ነው የጨረሳት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

ሳቁ እንኳ አልከበደኝም። አሠልጣኟ ፊሽካን ምን ተሰማህ ብላ ስትጠይቀው፣ እህቴ ያለችው ሁሉ እውነት ነው፣ እኔ ግን የተመኘሁት ቶሎ ጨርሳልኝ ወጥቼ አንድ ሲጋራ እንዳጨስ ነው አለ። ክው አልኩ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ያን ጊዜ ዓይኔ ላይ የመጣኸው አንተ ነህ፤ ከወንበርህ ተነስተህ ስትሄድ ያየሁት ጀርባህ።

የቀሩትን ቀናት ዝም ማለት ስማር ከረምኩ። እኔ መሆኔን እያሰብክ አትሳቅ። አሠልጣኟ እንደምትለው ሰው ሲጋራ መጥፎ መሆኑ ጠፍቶት አይደለም የሚያጨሰው፤ ምን እንደከበደው የሚጠይቀው ስላጣ እንጂ። ጠይቁት፣ እስኪጨርስ ጠብቁት፣ ምክር ከመስጠታችሁ በፊት ፈቃዱን ጠይቁ፣ የሚጀምርበትንም ራሱ ይምረጥ ትለን ነበር። በአምስተኛው ቀን ከፊሽካ ጋር ደግመን ሞከርን። ምላሴን ነክሼ አዳመጥኩት። ለካስ በቀን ውስጥ ማንም የማይጠራው፣ ሲጋራ በሚያጨስባት የዕረፍት ሰዓት ብቻ ነው፤ የሚፈልገው ያቺን ብቻውን የሚሆንባትን አሥር ደቂቃ ነው። እኔ ምንም ሳልል ራሱ፣ የጠዋቱን ዕረፍት ሜዳውን ልዙርበት አለ። ጨርሶ አልተወም፤ የጠዋቷን ግን ከተዋት ይኸው ወር አለፈው።

ሥራዬ ላይ ስመለስ መጀመሪያ የገባችው አንዲት ልብስ ሰፊ ናት። የደም ግፊቷ አልወርድ ብሎ ዓመት አስቸግራናለች። ካርዷ ላይ «ምክር አትቀበልም» ብዬ በገዛ እጄ ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ። እንደ ወትሮዬ ልጀምርላት ስል አፌን ያዝኩና፣ ኪኒኑን መውሰድ ላይ ምን ያስቸግርሻል ብዬ ጠየቅኳት። መሬት መሬት እያየች፣ ኪኒኑ ሽንት ያጣድፈኛል፣ የመሥሪያ ቤታችን ሽንት ቤት ቁልፍ ደግሞ አሠሪያችን ኪስ ውስጥ ነው፣ በየሰዓቱ እሱን መለመን ስለሚያሳፍረኝ በሥራ ቀን አልውጠውም አለችኝ። ዓመት ሙሉ ጨው ቀንሺ እያልኩ ሳደርቃት ነገሩ የቁልፍ ኖሯል። ለሐኪሙ ነገርነውና በሌላ ዓይነት ኪኒን ቀየረላት። ባለፈው ሳምንት ስለካት ግፊቷ ወርዷል። ካርዷ ላይ የጻፍኩትን እሷው እያየች ሰረዝኩት።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እኔና ፊሽካ በየትምህርት ቤቱ እየዞርን መምህራንን እናሠለጥናለን። መጀመሪያ ሲገቡ እጃቸውን አጣምረው፣ ይቺ ደግሞ ምን ልትለን ነው በሚል ዓይን ነው የሚያዩኝ። አንዷ መምህርት ሴቶቹ ተማሪዎች በስፖርት ሰዓት ጥግ ይዘው ስለሚቀመጡ ሰነፎች ናቸው ብላ ደምድማ ነበር። ሄዳ ስትጠይቃቸው የደንብ ልብሱ ቀሚስ ጠቧቸው ኖሯል። አሁን በስፖርት ቀን ሱሪ ተፈቅዶላቸው ሜዳውን ለወንዶቹ አልለቅ ብለዋል አሉ።

እንግዲህ ወደ እኛ ነገር ልመለስ። በምርቃቱ ቀን ያደረግኩት ጥፋት ነው፤ ይቅርታ አድርግልኝ። ያልነገርኩህ ነገር ግን አለ። ወደ እናንተ ልመጣ ሁለት ቀን ሲቀረኝ አንድ በሽተኛ ይዤ ሆስፒታል ሄጄ ነበር። እንዳንተው አናጺ ነው፣ ዕድሜውም ያንተው ነው። ስኳሩ ዓይኑን ስላጠፋው የሚስቱን ትከሻ ይዞ ነው የሚራመደው። አንተን ብርጭቆህን ይዘህ ስትስቅ ሳይህ እሱን መሰልከኝ። የተቆጣሁ መሰለህ እንጂ ፈርቼ ነው፣ በጣም ፈርቼ። አባባ ከሞተ ጀምሮ አባቴም ወንድሜም አንተ ነህ፤ አንተን ማጣት አልችልም። ይህችን መናገር ቢያቅተኝ ነው ስለ ስኳር የለፈለፍኩት።

ባለቤትህ በዚህ ወር ሁለት ጊዜ ጣውላ አሳጥረህ እንደቆረጥክ፣ የሜትሩንም ቁጥር ልጅህ እንደምታነብልህ ነግራኛለች። አትቆጣት፣ ጨንቋት ነው። ፊደሉን እንዲህ አግዝፌ የጻፍኩት ራስህ እንድታነበው ብዬ ነው። ዓይንህ መታየት እንዳለበት አንተም ታውቃለህ፤ እኔ አልደግመውም። ከሐኪም ቀጠሮ ከቀረህ ሰባት ወር ሲሆንህ ግን ምክንያቱን አንድም ቀን ጠይቄህ አላውቅም። አሁን ልጠይቅህ፤ ወደዚያ መሄድ ምኑ ነው የከበደህ? ሰልፉ ነው? እንደ እኔ የሚቆጣህ ሰው አለ? ወይስ የሚነግሩህን ፈርተህ ነው? ይኸው ደግሞ መልሱን እኔው ልሰጥህ ጀመርኩ። በቃ፣ ዝም አልኩ።

የእማማን ጉልበት ሳምልኝ፣ ምርቃቷ ሁሌም ከእኔ ጋር ነው። ለባለቤትህ ወገቧን እንድታስታምም፣ ስለ ነገረችኝም እንደማመሰግናት ንገርልኝ። ተመራቂዋን የሥራ ነገር እንዴት ሆነ በልልኝ፤ ትንሹን ደግሞ ሁለቱንም ጉንጩን እስኪቀላ ሳምልኝ። ከደብዳቤው ጋር አጣጥፌ የላኩትን ሌላ ወረቀት አገላብጠህ እየው፤ በፊቱም በጀርባውም ምክር የለበትም፣ ባዶ ነው። ያንተ ነው። የፈለግከውን ያህል ጻፍበት፤ እስክትጨርስ አላቋርጥህም።

ታናሽ እህትህ

ከጤና ጣቢያው ግቢ፣ ከካርድ ክፍሉ ጀርባ ካለችው ቤቴ
ኅዳር 9 ቀን 2016 ዓ.ም.