በእማዬ ጓዳ የተደረደሩት ዘጠኝ ነጭ ክዳኖች

ይድረስ ለእህቴ ለፍቅርተማርያም፤ ድሬዳዋ።

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? የድሬ ሙቀት ነሐሴ ሲገባ እንኳ ፋታ አልሰጣችሁም ይሆን? ባለቤትሽ ተክለጊዮርጊስ ወገቡን ተሻለው ወይ? ልጅሽ ሊያስ ፍልሰታን ይዛለች ወይስ እንደ ዓምናው ሦስት ቀን ጾማ አሥራ አምስት ብላ ታወራለች? እኔና ባለቤቴ በሰለች ከብርዱና ከጭቃው በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እማዬ ግን ደኅና አይደለችም።

ለምን እንዳልደወልኩ ታውቂዋለሽ። ማክሰኞ እኔ ጮኽኩብሽ፤ አንቺም ስልኩን ዘጋሽብኝ። ደብዳቤ ግን አይጮኽም፤ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል እማዬ ወዳለችበት ወደ ጎረቤላ ወርጄ ጓዳዋን ላደራጅ ተነሣሁ። ብቻዋን የምትኖር ሴት ለጾም ምን ምን ይበቃታል ብዬ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ፦ ሽሮ፣ በርበሬ፣ የምስር ክክ፣ የአተር ክክ፣ ሱፍ፣ ተልባ፣ በሶ፣ ጨው። ዘይቱና ሽንኩርቱ ሲያልቅ ከሱቅ ይመጣል፤ ጦስኙ ከደጇ አለ። ከዚህ በላይ የሚጠይቅ የጾም ወጥ የለም። የሽሮውን ሽምብራ ከአረርቲ አስመጣሁ። ዛላ በርበሬውን አንድ በአንድ ለቅሜ ወፍጮ ቤት ቆሜ አስፈጨሁ፤ ዘንድሮ ተፈጭቶ ከሚሸጠው ውስጥ ስንቱ አፈር ስንቱ በርበሬ እንደሆነ የሚያውቅ የለምና። ሱፉን በሰለች ቆልታ፣ ወቅጣ፣ ነፍታ ሰጠችኝ።

ጓዳውን ባየሁ ጊዜ ተናደድኩ። ጆሮው የተሰበረ ገንቦ፣ ሁለት ቅል፣ የዛገ የዘይት ቆርቆሮ፣ ክዳን የሌለው ሙዳይ፤ ምስሩ ውስጥ ነቀዝ። ሁሉንም አውጥቼ ከአጥር ውጭ ጣልኩ። በምትኩ አንቺ የላክሽልንን ዘጠኝ ባለ ነጭ ክዳን ዕቃ ደረደርኩ። በስምንቱ የጾሙን ስንቅ ሞላሁ፤ በዘጠነኛው ጾሙ ሲፈታ እንድትጠጣው የላክሽውን የዱቄት ወተት ጨመርኩ። በሁሉም ላይ በትልልቅ ፊደል ጻፍኩ። እማዬ በር ላይ ቆማ በእጇ ዳሰስ ዳሰስ አደረገችና፣ «ሁሉም አንድ ሆነብኝ» አለች። «ተጽፎበታል» አልኳት። ዓይኗን ሞራ ከጋረደው፣ ፊደል መለየት ካቆመች ሁለት ዓመቷ ነው። ይህን አውቃለሁ። ሐኪም ቤት የወሰድኳትም እኔው ነኝ። ሆኖም «ተጽፎበታል» አልኳት።

ነሐሴ አምስት ከቅዳሴ መልስ ሱፍ ፍትፍት አማራት። ክዳን ከፍታ ዱቄቱን በጠበጠች፣ እንጀራ ፈተፈተችበት። ሁለት ጊዜ ጎረሰች። በሦስተኛው ላይ ጣፈጣት፤ ያን ጊዜ ነው ወተቱ መሆኑ የገባት። እንደዚያው እጇን ሳትታጠብ የንስሐ አባቷ አባ ወልደ ሰንበት ዘንድ ሄደች። እሳቸውስ ደግ ናቸው፤ «ሳታውቂ ነው ልጄ፤ የምትችይውን ያህል ስገጂ፤ ጾሙ ሲፈታ ትቆርቢያለሽ» አሏት። በዚያ ጉልበቷ ሰገደች።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ባልጻፍኩልሽ። ከዚያ ወዲህ አንዱንም ዕቃ አልከፈተችም። ደግሜ ብሳሳት ቁርባኑ ቀረብኝ ትላለች። ጎረቤቷ አልታየች ከምታመጣላት ንፍሮ ሌላ የምትቀምሰው ቆሎ ነው፤ በየትኛው ጥርስ እንደምታኝከው እንጃ። ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ መንገድ ላይ አቅቷት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እስከ አሥራ ስድስት ገና ሰባት ቀን አለ።

ያን ሰምቼ ዛሬ ማለዳ ወርጄ ወተቱን አወጣሁት፤ የቀሩትን አንድ በአንድ ከፍቼ አፍንጫዋ ሥር አስጠጋሁላት፣ ሽሮው ይኸው፣ ተልባው ይኸው አልኩ። «ዛሬ አንተ አለህ፤ ነገስ?» አለችኝ።

ያን ጊዜ አልታየች የጣልኳቸውን ዕቃዎች በሙሉ ተሸክማ መጣች። ለካ ከአጥሩ ሥር ለቅማ አስቀምጣቸው ኖሯል። «ጋሼ፣ ያን ሁሉ ዓመት ሲማሩ ጨው የት እንደሚቀመጥ አልነገሩዎትም?» አለችኝ፤ ሣቋንም አልደበቀችም። ሌላ ቀን ቢሆን መልሷን ታገኝ ነበር።

ዕቃው ተመለሰ፤ በየትኛው ምን ይገባ እንደነበር ግን አላውቅም። በአንደኛው ቅል አንገት ላይ ክር ታስሯል፤ ያ ክር ለእማዬ አንድ ነገር ይነግራታል፤ ለእኔ ክር ነው። ስጠይቃት፣ «የጻፍከውን አንብብ» ብላ ፊቷን አዞረች። ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፤ እዚያ ቤት ተወልጄ አድጌ የዚያን ጓዳ ደፍ የረገጥኩት ባለፈው ወር ነው። አንቺ ግን ያደግሽበት ነው። ዘጠኝ አንድ ዓይነት ክዳን ስትልኪ እንዴት አላሰብሽውም ብዬ አሁንም እናደድብሻለሁ። በወተቱ ግን ያለ ጥፋትሽ ነው የጮኽኩብሽ፤ ቦታውን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ስለዚህ አደራሽን። ሰኞ ነሐሴ 12 ከቀኑ አሥር ሰዓት፣ ከቅዳሴ ስትመለስ፣ በአልታየች ስልክ ደውዪላት። ስለ ወተቱ አታንሺ። ስለ እኔም አታንሺ። ወጥ መሥራት እንደጠፋባት ልጅ ሆነሽ፣ ሽሮውን በየትኛው ነበር የምታደርጊው፣ በርበሬውንስ፣ ባለ ክሩ የምን ነበር ብለሽ ጠይቂያት። ላንቺ ትነግራለች። የስልኩ ድምፅ ከፍ ብሎ ይከፈታል፤ እኔ ጓዳ ውስጥ ሆኜ እየሰማሁ እሞላለሁ። አልናገርም፤ ብትሳሳት እንኳ አላርማትም።

ተክለጊዮርጊስን ወገብህን ጠብቅ በይልኝ። ሊያን ሳሚልኝ፤ የጾመችውን ቀን በትክክል ትቁጠር። በሰለች ከልብ ትናፍቅሻለች። አልታየችም ሰላም ብላለች፤ ቅሎቹን አጥባ ፀሐይ እስኪወጣ እየጠበቀች ነው። ደብዳቤውን የሚያደርስልሽ ብርድ ልብስ ነጋዴው ዘርአ ዳዊት ነው፤ በዚያ ሙቀት ለማን እንደሚሸጥ እሱ ያውቃል፤ ውኃ አጠጪው።

ወንድምሽ ሠረቀብርሃን
ደብረ ብርሃን፣ ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.