«እሺ፣ ቀጣይ» ላሉኝ ሊቀመንበር

ለክቡር አቶ እንዳልካቸው
የቅዳሜ ተጓዦች ማኅበር ሊቀመንበር
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

ጉዳዩ፦ ወደ ሂማላያ የሚሄዱት ሰዎች የተመረጡበትን መንገድ ይመለከታል

ክቡር ሊቀመንበር፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ፣ ወገብዎ፣ መላው ቤተሰብዎ ደህና ነው? ከሁሉም በላይ ጆሮዎ እንዴት ከረመ? የጆሮዎን ነገር የማነሣው ለክፋት አይደለም፤ ሰው የሚለውን አንድ ጊዜ ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ጆሮ ከሌላው ጆሮ ይልቅ ጤና ስለሚያስፈልገው ነው። እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ማለትም እበላለሁ፣ ሺፍቴን እነዳለሁ፣ ተኝቼ ደግሞ የማልሄድበትን ተራራ እወጣለሁ።

መቼም ያውቁኛል። ከሲልቨር ስፕሪንግ የምመጣው፣ የኤርፖርት ሆቴል ሻትል የምነዳው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በእግር ስንሄድ ከፓርኪንጉ እስከ ተራራው ጫፍ ድረስ የማወራው ሰው ነኝ። አንድ ቀን «ልሳነ፣ እስቲ ተራራውም ትንሽ ይናገር» ብለውኝ ሰው ሁሉ ስቋል። እኔም ስቄያለሁ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍኩት በስልክ ስፈልግዎ ሁልጊዜ ሚቲንግ ላይ ስለሆኑ ነው እንጂ ክብርዎን በአደባባይ ለመንካት አስቤ አይደለም፤ ከተነካም በአጋጣሚ ነው።

አንደኛ፤ ሐሳቡ የማን እንደነበር።

ካቻምና ሰመር ላይ በርክ ሐይቅ ዳር ሥጋ ስንጠብስ፣ ስልኬን አውጥቼ የጎክዮን ሐይቅ ፎቶ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ከራስ ዳሸን ጫፍ በላይ ያለ ሐይቅ ነው፣ ውኃው ሰው ቀለም የደፋበት ይመስላል ብዬ ስናገር፣ እርስዎ የያዙትን የጎድን አጥንት ሳያስቀምጡ ፎቶሾፕ ነው አሉ። ቅጠል ሲረግፍ ግን ሰብስበውን አንድ ሐሳብ መጣልኝ አሉ፤ የመጣልዎትም ሐሳብ ኔፓል ድረስ ሄዶ፣ በተራራ ሻይ ቤቶች እያደሩ ሐይቆቹን አይቶ፣ ሬንጆ በሚባለው ማለፊያ ተሻግሮ መመለስ ነበር። ሐሳብ መቼም እንደ ዝንብ ነው፤ ከእኔ ሳህን ተነሥቶ እርስዎ ሳህን ላይ ቢያርፍ ምን ይደረጋል። ስላስተናገዱልኝ አመሰግናለሁ።

ሻይ ቤት ሲባል ፓስቲና ሻይ ሸጦ ማታ የሚዘጋ መስሎዎት ሁላችንንም ድንኳን ሊያስገዙን ነበር። እዚያ ሻይ ቤት የሚሉት አልጋም ምግብም ምድጃም ያለው ማደሪያ መሆኑን ያስረዳሁዎት እኔ ነኝ አልልም፤ የማኅበራችን አባል ባርናባስ ነው ያስረዳዎት። እኔ የሌላውን ሰው ነገር ለራሴ አላደርግም።

ሁለተኛ፤ ስለ አመራረጡ።

ካትማንዱ ያለው የጉዞ መሪ፣ ሐይቁ ዳር ያሉት ማደሪያዎች ጠባብ ስለሆኑና ኦክቶበር ላይ ሰው ስለሚበዛ ከስምንት ሰው በላይ እንዳታመጡ ብሎ ጻፈ። ፈላጊው ግን ብዙ ነበር። ስለዚህ አሌክሳንድሪያ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተሰበሰብን፤ እርስዎም በተቀመጥንበት ቅደም ተከተል እየዞሩ እያንዳንዱን ሰው በስሙ እየጠሩ ትሄዳለህ ወይ፣ ትሄጃለሽ ወይ ብለው ጠየቁ። እኔ ጋ ደረሱ።

እዚህ ላይ እንዲያስተውሉልኝ የምለምነው፣ እኔ ሰው ያሳደገኝ መሆኔን ነው። ሰው ቤት ሄጄ ብላ ስባል በመጀመሪያው እጄን አልሰድም። በልቻለሁ እላለሁ፤ ባለቤቱ በሞቴ ይላል፤ ኧረ በቃኝ እላለሁ፤ እሱም ሳህኑን እጄ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ እበላለሁ። ይህን ሳያውቅ ያደገ ሐበሻ የለም። ስለዚህ ሲጠይቁኝ አንገቴን ደፋ አድርጌ «አይ፣ እኔ ይቅርብኝ፤ ለሌሎቹ ይሁን» አልኩ። ብዬም ጠበቅኩ። አጠገቤ ያለው ሰው እንዴት ተብሎ እስኪል፣ እርስዎም ያለ ልሳነማ አንሄድም እስኪሉ ጠበቅኩ። ሁለተኛው እንቢታዬ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ከመጀመሪያው ላላ ያለ ነው። ሦስተኛውማ እንቢታም አይባል።

እርስዎ ግን «እሺ፣ ቀጣይ» አሉ።

እሺ፣ ቀጣይ! ባንክ መስኮት ላይ እንኳ ሰው እንዲህ በፍጥነት አይሸኝም።

ሦስተኛ፤ ስለ ቀጣዩ።

ቀጣዩ ፊልሞን ነበር። ሳምቡሳው አፉ ውስጥ እንዳለ «እሄዳለሁ» አለ። አለቀ። በአንድ ቃል ሂማላያን ወሰደው። እኔ ዓመት ሙሉ ስመኘው የኖርኩትን እሱ ሳያኝክ አገኘው።

ፊልሞን ሠላሳ ያልሞላው ልጅ ነው፤ ጋሼ እያለ ነው የሚጠራኝ፣ ክፉ ቃልም ተናግሮኝ አያውቅም። ይህ ደግሞ ነገሩን ያብስብኛል። ትቀናበታለህ ከተባልኩ አልክድም። በቦቲው እቀናለሁ። ቡኒ ነው፣ ቁርጭምጭሚት ይይዛል፣ ቀይ ክር አለው፤ እግሬን ላለማምደው ነው ብሎ ቦቲውን እንዳደረገ ሳህን ሲያጥብ የሚያሳይ ቪዲዮ ለቀቀ። በጃኬቱ እቀናለሁ፤ ተጣጥፎ ኪስ ይገባል። በሳንባውም እቀናለሁ። ዊተን ባቡር ጣቢያ ያንን መጨረሻ የሌለውን ኤስካሌተር፣ ሩዝ የሞላ ሻንጣ አዝሎ በእግሩ ሲወጣ አየሁት፤ ላብ እንኳ የለውም። እንዴት አየኸው ቢሉኝ፣ እኔም እየወጣሁ ነበር። ጋሼ ምን ያሮጥዎታል ሲለኝ፣ ባቡር ሊያመልጠኝ ነው አልኩት። ባቡሩ ግን ታች ነው የሚቆመው።

ግሩፕ ቻቱ ላይ ደግሞ ጥያቄ ያበዛል። ሐይቁ ዳር ዋይፋይ አለ ወይ? ናምቼ የሚባለው ከተማ ላይ ለምን ደጋግመን እናድራለን፣ አንፈጥንም ወይ? ሰውነት ከፍታውን እስኪለምድ ነው፣ የፈጠነ ራሱን ያመውና ወደ ታች ይመለሳል ብዬ በትሕትና መለስኩለት። ትሕትናው ጥርሴን አሞኛል። እሱ ግን የልብ ምልክት ላከልኝ። ያንን ልብ ለማን አቤት ብዬ እንደምከስሰው እስካሁን አላወቅኩም።

አራተኛ፤ ቤቴ ውስጥ ስላደረሱብኝ።

ባለቤቴ ቤዛዊት ይህን ጉዳይ ከእኔ የሰማችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ገና አላለቀም። አንድ ማታ ልብስ እያጣጠፈች «ያ አፍህ ለሰው ሁሉ ይተርፋል፤ እሄዳለሁ ለማለት ነው ያጠረህ?» አለችኝ። እዚህ የተወለደችው ልጄ አቢጊያ ደግሞ ከስልኳ ቀና ሳትል «ዳድ፣ ዩ ሴድ ኖ» አለች። የመጀመሪያ ኖ ኖ እንዳልሆነ፣ ሰው ደግሞ መጠየቅ እንዳለበት ረዘም አድርጌ አስረዳኋት። ገብቷታል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ክፍልሽን አጽጂ ስላት ኖ ትልና፣ ስቆጣ፣ የመጀመሪያው እኮ ነው፣ ለምን ደግመህ አትለምነኝም ትለኛለች። ክቡር ሊቀመንበር፣ ይህን ያመጡብኝ እርስዎ ስለሆኑ መልሱንም ከእርስዎ እጠብቃለሁ።

አምስተኛውን ትቼዋለሁ። ባለቤትዎን ወይዘሮ ጸዳለን ሊያስቀይም ስለሚችል ነው፤ እሳቸው ደግሞ ሰው ሳያበሉ ሰደው አያውቁም።

ስድስተኛ፤ ስለ ራስዎ ወንበር።

እርስዎ ሊቀመንበር የሆኑት እንዴት ነበር? ስምዎ ሲጠራ ተነሥተው፣ ሥራ ይበዛብኛል፣ አልችልም፣ ከእኔ የተሻለ ሰው ሞልቷል አሉ። እኛ ያን ጊዜ ቀጣይ አልን? አላልንም። አብርሆት ልታለቅስ ደረሰች፤ ባርናባስ፣ ራሱ ከእርስዎ ጋር ተጠቁሞ እያለ፣ እጅዎን ይዞ ለመነ፤ እኔ ድንጋይ ልሸከም አልኩ። ደግመው እንቢ አሉ። ደግመን ለመንን። በሦስተኛው «እንግዲህ ካላችሁ» ብለው ተቀመጡ፣ እስከ ዛሬም አልተነሡም። ያን ቀን የእርስዎ ዓይነት ጆሮ ቢኖረን ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ለአቶ ባርናባስ ነበር። መጻፍም ባላስፈለገኝ፤ ባርናባስ ሰው መለመን ያውቃል።

እንዳነበብኩት ከሆነ በእነዚያ ሻይ ቤቶች ዋናው ምግብ ምስርና ሩዝ ነው፤ ረቡዕና አርብም ያስኬዳል። ሳህኑ ሊያልቅ ሲል ባለቤቷ ጭልፋዋን ይዛ ትመጣና ልጨምር ትላለች፤ እንግዳው በእጁ ቢከለክላት እንኳ ትጨምራለች ይላሉ። አየር በሚያጥርበት ከፍታ ላይ ሰው ሁለተኛ ጊዜ የሚጠይቅበት ትንፋሽ ካልጠፋው፣ እኛ አሌክሳንድሪያ ላይ፣ ኤር ኮንዲሽን ባለበት አዳራሽ፣ ምን አጥሮን ነው?

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባለፈው ቅዳሜ ከስምንቱ ተጓዦች አንዷ አብርሆት ድንጋይ ላይ እግሯ ዞረና ሐኪሙ ኦክቶበርን እርሺው አላት። እግዚአብሔር ይማራት፤ ይህን የምለው ከልቤ ነው፣ ደስ ያለኝ ለትንሽ ጊዜ ብቻ ነበር። እርስዎም ግሩፕ ቻቱ ላይ፣ አንድ ቦታ ተከፍቷል፣ የምትፈልጉ እስከ እሑድ አሳውቁኝ፣ ሰኞ ስም ይላካል ብለው ጻፉ። የምትፈልጉ! እንደ ማስታወቂያ። የማንም ስም አልተጠራም። ከላንግሊ ፓርክ ዓብዩ ሊጠይቅ እንዳሰበ ሰምቻለሁ፤ ዓብዩ ደግሞ ዳገት ባየ ቁጥር ስልክ የሚደወልለት ሰው ነው።

እኔ በግሩፕ ቻት እኔ፣ እኔ እያልኩ እጄን አላወጣም። ኃምሳን አልፌያለሁ፤ ይህ ጉልበት ስንት ኦክቶበር እንደቀረው አላውቅም። ለቤት ፈልጌ አውቃለሁ፣ ለልጅ፣ ለእናቴ፣ አገር ቤት ላሉት ሁሉ ፈልጌ አውቃለሁ፤ ሲፈልጉም አፌን ሞልቼ ጠይቄላቸዋለሁ። ያ ሐይቅ ግን ለራሴ ብዬ የተመኘሁት የመጀመሪያው ነገር ነው። እሄዳለሁ የሚለው ቃል ያልወጣልኝ ምናልባት ለዚህ ይሆናል፤ አፌ አልለመደውም። ስለዚህ ቦታውን ይስጡኝ ብዬ አላስቸግርዎትም። ስሜን ጠርተው ይጠይቁኝ፤ እንቢ ካልኩ ደግመው ይጠይቁኝ። የምለው ይኸው ነው።

ጊዜዎን ሠውተው እስከዚህ ካነበቡ ውለታዎን አልረሳም፤ ካላነበቡም ልማድዎ ስለሆነ አልቀየምም። ዳገቱ ሁሉ ሜዳ ይሁንልዎ፤ ሻንጣዎን ያክ የሚሉት ጠጉራም በሬያቸው ይሸከምልዎ፤ ማለፊያው ላይ ሲደርሱ ደመናው ገለጥ ይበልልዎና ሐይቁ ፎቶሾፕ አለመሆኑን በዐይንዎ ይዩት።

ከታላቅ አክብሮትና ከማይበርድ ቅናት ጋር፣
ምንጊዜም ከሰልፉ ኋላ የሚከተልዎ
ልሳነወርቅ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ግልባጭ፦
ለማኅበሩ አባላት በሙሉ
ለአቶ ባርናባስ፣ ምርጫው ስለደረሰ ቢያስቡበት ብዬ
ለወይዘሮ ጸዳለ፣ ከብዙ ሰላምታ ጋር

ከፊርማው በኋላ የተጨመረ፦ ይህን ልለጥፈው ስል ፊልሞን ደወለ። ለካስ የአብርሆት ቦታ ለእኔ እንዲያዝ ለእርስዎ ነግሮዎት፣ እርስዎ «ልሳነ አልፈልግም ብሏል» ብለውታል። እሱም «ጋሼ ይቅርብኝ ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ግን የኛ ሰው እንደዚያ ነው የሚለው» ብሎ መለሰልዎት። እኔ ባለቦቲውን ስቦጭቅ እርስዎን ያስተማረልኝ እሱ ሆኖ ተገኘ፤ ከዚህ ሁሉ በደል የከበደኝ ይህ ነው። ደብዳቤውን ግን አልቀደድኩትም፤ ደክሜበታለሁ። ስሜን ሰኞ ይላኩት፤ የሚጠይቅ ሰው ስለተገኘ እርስዎ አይድከሙ። ገና «ጋሼ፣ አብረን…» ሲል እሺ ብየዋለሁ፤ ሁለቱ እንቢታዎቼ የት እንደገቡ አላውቅም። ልጁ ግን ለልመና ተዘጋጅቶ ስለደወለ እሺታዬን ልብ አላለውም፤ ኧረ በሞቴ፣ በእናቴ ሞት፣ ያለ እርስዎማ አይሆንም እያለ ቀጠለ። እኔም አላቋረጥኩትም።