ከፈተናው በፊት የምትጠየቅ ጥያቄ

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፣

እንደምን ከርመሻል? ቁስሉስ ጠገገልሽ? እኔ ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። ይህን የምጽፍልሽ ረቡዕ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ መስኮቴ ሥር ተቀምጬ ነው። ከጎረቤት ትምህርት ቤት የልጆች ጩኸት ይሰማኛል።

የምጽፍልሽ ስለ እናትሽ ነው። አትደንግጪ፣ ቆመው ይሄዳሉ። ግን በድያቸዋለሁ፤ ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሚው ከራሴ ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ነው።

መሥሪያ ቤታችን መዝገቡን ሁሉ ወደ ኮምፒውተር እያዞረ ነው። የጽሕፈት መኪናዎቹ ምድር ቤት ወረዱ። ማን ይቆይ፣ ማን ይሰናበት የሚለውን ለመለየት አንድ የሃያ ደቂቃ ፈተና መጣ፤ ፈታኟ እኔ ሆንኩ። አሥር ቃላት አነባለሁ፣ ተፈታኙ ጥቂት ቆይቶ ያስታወሰውን ይነግረኛል። ቁጥር እጠራለሁ፣ ከኋላ ወደ ፊት ይመልስልኛል። ወረቀት ላይ የተበተኑ ባለቁጥር ክቦችን በእርሳስ በተራ ያያይዛል። ከዚያ ነጥቡን ደምረን፣ ይህ ሰው ኮምፒውተር ላይ አንድ ቅጽ ለመሙላት ይህን ያህል ደቂቃ ይፈጅበታል፣ ይህን ያህል ጊዜ ይሳሳታል እንላለን። ኮምፒውተሩን ሳይነካው! መጀመሪያ ጠንቋይ የሆንኩ መስሎኝ ስቄ ነበር። ግን ለብዙው ሰው ልክ ይመጣል፣ አልዋሽሽም።

እናትሽ ማክሰኞ ጠዋት መጡ። ከፍጥነታቸው የተነሳ ቢሮው ሁሉ «መትረየስ» የሚላቸው፣ እኔንና አንቺን አንድ ወንበር ላይ አጣበው ጣታችንን እየመቱ ታይፕ ያስተማሩን ሴትዮ ፊቴ ተቀምጠው እጃቸውን አጣጠፉ። ከፈተናው በፊት የምትጠየቅ ጥያቄ አለች፦ ሌሊቱን በደንብ ተኝተዋል ወይ? ሕመም ወይም ጭንቀት አለብዎት ወይ? አለብኝ ያለ ሰው ፈተናው ለሌላ ቀን ይተላለፍለታል። ጠየቅኳቸው። «ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ ልጄ፣ አንቺስ?» አሉኝ። ሰባ ሦስት ሰው ጠይቄ ሰባ ሦስቱም ደህና ነበሩ። እኔም «ደህና» የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ። ዓይናቸው ደም መስሎ አይቼ ነበር እኮ! ሹራባቸውን ገልብጠው እንደለበሱ አይቼ ነበር።

ከአሥሩ ቃል ሦስት አስታወሱ። ክቦቹን ሲያያይዙ እርሳሱ ሰባት ላይ ቆመ፤ ስምንት አፍንጫቸው ሥር ሆኖ አጡት። ማሳየት ክልክል ነው። «አረጀሁ ማለት ነው» ብለው ሳቁ። በሳምንቱ የስንብት ደብዳቤ ደረሳቸው።

ለፈተናው አጥቢያ ሌሊቱን እንዴት እንዳደሩ የሰማሁት በኋላ ነው። አንቺ ለቀዶ ሕክምና የገባሽበት ሌሊት ነበር። ስልኩን ታቅፈው ቁጭ እንዳሉ ነጋባቸው። ሦስት ወር ሙሉ «ደህና ነኝ» እያልሽ ስትጽፊላቸው፣ ሆስፒታል መተኛትሽን የነገራቸው ባዳ ሰው ነው። አልወቅስሽም፤ የእናትሽ ልጅ ነሽ።

ፈተናው ልክ መተንበዩን ለማጣራት፣ ያለፉትም የወደቁትም ተጠርተው ኮምፒውተር ላይ ተቀመጡ። እናትሽም መጡ፣ ያን ሌሊት እንቅልፍ ወስዷቸው ኖሮ ሹራባቸው በደንቡ ነበር። በአንድ ቅጽ ዘጠኝ ደቂቃ ይፈጅባቸዋል ብለን ነበር፤ በአራት ደቂቃ ጨረሱት። አሥራ ሁለት ቅጽ ሞልተው አንድ ፊደል አልሳቱም። ወረቀቱን ይዤ አለቃዬ ጋ ገባሁ። በአንድ ሰው ምክንያት ፈተናው ተሳሳተ አይባልም አሉኝ። ድጋሚ እንዲፈተኑ ከፈለግሽ ጥያቄውን በትክክል አልሞላሁም ብለሽ ፈርሚ አሉ። ሁለት ቀን አመነታሁ፤ እሳቸው ራሳቸው ደህና ነኝ ብለው የለ እያልኩ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልልክክ ሞከርኩ። በሦስተኛው ቀን ፈረምኩ።

ድጋሚው በወሩ መጨረሻ ሰኞ ነው፤ የሚፈትናቸው ሌላ ሰው ነው። ቤታቸው ሄጄ ሲጠይቅዎት እውነቱን ይንገሩት ብዬ ለመንኳቸው። «ለማላውቀው ሰው ገበናዬን ልዘርዝር?» አሉኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲሉን የኖሩት እሳቸው አይደሉ? እንቅልፍ ግን ዛሬም በወጉ የላቸውም። ያንቺ «ደህና ነኝ» ከእንግዲህ አያስተኛቸውም።

ስለዚህ እባክሽ እውነቱን ጻፊላቸው። ሐኪሙ ምን አለ? የትኛው ጎንሽን ያምሻል? ክፉም ቢሆን ጻፊው፤ የሚያውቁትን ሕመም አልቅሰውለት ይተኛሉ። ስልክ አትደውዪ፣ በስልክ ድምፅሽን ታሳምሪዋለሽ። ይህን ወረቀት የሚያደርስልሽ ሰው ሲመለስ መልሱን ያምጣልኝ፤ ከሰኞ በፊት በእጃቸው አደርስላቸዋለሁ።

አንቺን ለእሳቸው፣ እሳቸውን ለአንቺ ያቆይልኝ። ምሕረቱን ያውርድልሽ፣ በእግርሽ ቆመሽ ለመተያየት ያብቃን።

እንዳልረሳው፦ የሚመጣው ሰው ቢሮ ሄዶ እንዳይፈልገኝ ንገሪልኝ። ወደ ቤት ይምጣ፤ ከፈረምኩ ወዲህ ጠዋትም ከሰዓትም አለሁ።

አብሮ አደግ እህትሽ