ፎቶው ላይ የሌለሁበት ምክንያት

ይድረስ ለወንድሜ ለአባ ቴዎፍሎስ ገብረአብ፤

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ የጀርባህ ሕመም ተሻለህ ወይ? ምእመናንህስ ደኅና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ግን በሸራው ቀዳዳ እየገባ አላስተኛን ብሏል። ክህነት ከተቀበልክ ወዲህ አንቱ ስልህ ኖሬአለሁ። ዛሬ ግን አዝዬ ያሳደግኩህ እህትህ ነኝና አንተ ብልህ አትቀየመኝ። ብትቀየመኝም ግድ የለኝም።

የልጄን የሰላማዊትን የመጀመሪያ ቁርባን ፎቶ ላኪልኝ ብለህ ነበር፤ ይኸው። ነጩን ቀሚስ የሰፋችላት ጎረቤታችን ሙሉዬ ናት። ልጅቷ ስምንት ዓመት ሞላት፤ ትምህርቱን አንድ ቀን ሳትቀር ተምራ በፍልሰታ ዕለት ተቀበለች። ሌሎቹ ልጆች ከነእናቶቻቸው ነው የቆረቡት። እሷ አጠገብ ግን እኔ የለሁም። ለምን እንደሌለሁ በስልክ ልነግርህ ስጀምር ሥራ አለብኝ እያልክ ስለምትቸኩል ጻፍኩልህ።

አባባ በግንቦት የታመሙ ዕለት ደውዬ ነግሬሃለሁ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ከአዲስ አበባ እየመጡ ለእኛ ለካቶሊኮቹ የሚቀድሱልን አባ ወልደ ሰንበት፣ የሕሙማንን ቅባት ይዘው መጠለያችን ድረስ መጡ። አባባ አሻፈረኝ አሉ። የወለድኩት ልጅ ቄስ ሆኖ ሳለ በሌላ እጅ አልቀባም፣ የምናዘዘውም ለእሱ ነው አሉ። ቄሱ ቢለምኗቸው፣ እኔ ባለቅስ፣ ወይ ፍንክች! አንተ ደግሞ ለጰራቅሊጦስ አርባ ልጆች ስለማቆርብ ከዚያ በኋላ እመጣለሁ አልክ። አባባ ይህን ስነግራቸው ኮሩብህ እንጂ አላዘኑብህም። እኔም ሞኟ አመንኩህና ቄሱን ድጋሚ አልጠራሁም።

ሳንፈናቀል፣ ወለጋ ሳለን ለጥምቀት አቅፈው የወሰዱህ እሳቸው ናቸው። ለመጀመሪያ ቁርባንህ እጅህን ይዘው፣ በኋላም ጳጳሱ ለሚቀቡህ ሜሮን ጭቃ ለጭቃ ግማሽ ቀን በእግር ተጉዘው፣ ሴሚናሪ ስትገባ ሻንጣህን ተሸክመው አደረሱህ። ካንተ የፈለጉት አንድ ነገር ነበር።

ዘጠኝ ቀን ጠበቁህ። የመኪና ድምፅ በሰሙ ቁጥር ከፍራሹ ቀና እያሉ መጣ ወይ ይሉኝ ነበር። በዐሥረኛው ቀን ጠዋት ሳይናዘዙ፣ ሳይቀቡ ሄዱ። አንተ በሠልስቱ ቅባቱን በኪስህ ይዘህ ደረስክ። ለማን ነበር ቴዎፍሎስ? ለቀስተኛውን ሁሉ ስታጽናና ዋልክ፤ ለእኔ ግን ይቅር በይኝ የምትል ቃል ከአፍህ አልወጣችም። በማግሥቱ ተሳፈርክ።

ከሰላማዊት ቁርባን በፊት አባ ወልደ ሰንበት ሊያናዝዙኝ ተቀመጡ። ወንድሜን ይቅር ብዬዋለሁ ማለት አቃተኝ። ብል ውሸት ነው። ተነሥቼ ወጣሁ፤ እንዲህ ሆኜ እንዴት ልቁረብ? ያቺ ልጅ ከተሰለፈችበት ዞር ብላ በዓይኗ ስትፈልገኝ አየኋት። ቤት ስንገባ ለምን አብረሽኝ አልቆረብሽም አለችኝ። ምን ልበላት? አጎትሽን ጠልቼው ነው ልበላት? ስታከብርህ ለጉድ ነው። አጎትሽ መጥቶ ይነግርሻል አልኳት። እንግዲህ ናና ንገራት፤ እኔ የምላት የለኝም።

ልብስህን የሚያጥቡልህን እማማ ወለተሐናን ሰላም በልልኝ። ባለቤቴ አድማሱ ሰላም ይልሃል፤ ይህን እንዳልጽፍ ለምኖኝ ነበር። ሙሉዬም እግዜር ያጽናህ ብላሃለች። ሰላማዊት ግን ሰላምታዬን በወረቀት አልልክም፣ ሲመጣ ራሴ እስመዋለሁ ብላለች።

እህትህ አልታየች ገብረአብ
ደብረ ብርሃን፣ መጠለያ
ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.