እስኪጠግቡ እንዳትሰጧቸው

ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ
ከሆስፒታሉ፣ ከቢሮዬ

እታለሜ፣

ለመሆኑ እንዴት ነሽ? የልጆቹ ጉንፋን ለቀቀ ወይ? እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም እንዲህ ደህና ሆኜ አላውቅም። ለምን እንደሆነ ልነግርሽ ነውና ቆመሽ የምታነቢ ከሆነ ወንበር ሳቢ። በስልክ ያልነገርኩሽ ስሙን ስትሰሚ ስለምትዘጊብኝ ነው። ደብዳቤ ግን አይዘጋም፤ ብትወረውሪው እንኳ ተመልሰሽ ታነሺዋለሽ፤ አውቅሻለሁ።

ባለቁልፉ እጄ ላይ ወደቀ።

አዎ፣ ያው ራሱ። እናታችን ያገባችው፣ አፈሯ ሳይደርቅ ደግሞ በገዛ ቤቷ የምግብ ቁምሳጥን ላይ ቁልፍ የሰቀለው ሰውዬ። ሰዎች እንዲህ ያለውን "የእንጀራ አባት" ብለው መጥራታቸው ሁልጊዜ ያስቀኛል። እኛ እንጀራውንም አባትነቱንም አላየንበትም።

ባለፈው ወር መጨረሻ የውስጥ ደዌ ክፍሏ ሐኪም ደውላ "በረሃብ ያለቁ ሽማግሌ ገብተዋል፣ ቶሎ ነይና አብረን እንያቸው" አለችኝ። ሥራዬ ይኸው አይደል፤ እዚህ ቤት በሽተኛው ምን ይብላ፣ ስንት ይብላ፣ መቼ ይብላ ሲባል የምጠየቀው እኔ ነኝ። ስገባ አልጋው ላይ አንሶላ የለበሰ አጥንት ተጋድሟል። ፊቱን አላወቅሁትም። ጉንጩ ገብቶ፣ ዐይኑ ጎድጉዶ ማንም ሊሆን ይችል ነበር። ነርሷ ሸሚዙን ስታወልቅለት ግን አንገቱ ላይ ያ ቁልፍ በክር ታስሮ አየሁት። ነርሷ ክሩን ልትፈታ ስትል በዚያ በሌለ አቅሙ እጇን መታት።

የሆነው እንዲህ ነው። የምግብ መውረጃ ቱቦው እየጠበበ እየጠበበ ሄዶ ከውሃና ከሻይ በስተቀር የሚያሳልፍ አልሆነም። ሐኪም ቤት እንውሰድህ ያሉትን ጎረቤቶች "እናንተ ቤቴን ልትዘርፉ ነው" ብሎ አባረራቸው አሉ። ወራት እንዲሁ ከሳ፤ በመጨረሻ ደጃፉ ላይ ወድቆ ተገኘ። ሐኪሞቹ የጠበበውን በመሣሪያ ሰፋ አድርገውለት አሁን መዋጥ ይችላል። ብድር በምድር ማለት ይኼ ነው እታለሜ፤ ቁምሳጥኑ ሙሉ፣ ቁልፉ አንገቱ ላይ፣ እሱ ግን መዋጥ አቅቶት!

አሁን ትንሽ ላስተምርሽ ነው። አትሰልቺ፤ ይህ ካልገባሽ ቀሪው አይገባሽም።

ሰውነት ምግብ ሲያጣ መጀመሪያ የሚበላው ጉበት ውስጥ ያስቀመጠውን ስኳር ነው። እሱ ቢበዛ አንድ ቀን ቢያቆይ ነው። ከዚያ ስቡን ማቅለጥ ይጀምራል፤ ጉበትም ከስቡ ለአንጎል የሚሆን ማገዶ ይሠራል። ስቡ ብቻ ስለማይበቃው ጎን ለጎን ጡንቻውን ይቦጭቃል፤ የእጁን፣ የጭኑን፣ ውሎ አድሮም የልቡን። በዚህ ሁሉ መሐል ፎስፌት፣ ፖታሲየም፣ ማግኒዚየም የሚባሉት ማዕድናት ከየሕዋሱ እየተሟጠጡ ይሄዳሉ፤ ደሙን ስትመረምሪው ግን ደህና መስሎ ሊታይሽ ይችላል። እንግዲህ እንዲህ የሆነውን ሰው "አይዞህ፣ ብላ" ብለሽ ሙሉ ሰሃን አቅርቢለት። አንጀቱ ይፈጨዋል፣ ስኳሩ ደም ውስጥ ይገባል፣ ኢንሱሊን ይመነጫል፤ የተራቡት ሕዋሳትም በራቸውን በአንድ ጊዜ በርግደው ስኳሩንም ደሙ ውስጥ የቀረውን ማዕድንም ጠራርገው ያስገባሉ። ደሙ ባዶውን ይቀራል። ልብ ደግሞ ያለ እነዚህ ማዕድናት በወጉ አትመታም። ሰውየው በልቶ፣ ጠግቦ፣ ተመስገን ብሎ በዚያው ሊቀር ይችላል።

ገባሽ? ይህን ሰውዬ ለመግደል መርዝ አያስፈልግም ነበር። ደግነት ይበቃ ነበር።

ከሐኪሟ ጋር የምናደርገውን ተስማማን። መጀመሪያ ቫይታሚን በመርፌ፣ ከዚያ በማንኪያ የሚለካ ወተት፣ ከዚያ ደሙ እየታየ ቀስ በቀስ መጨመር። ለነርሶቹም "ቢለምኑም፣ ቢያለቅሱም፣ ቢሳደቡም፣ እስኪጠግቡ እንዳትሰጧቸው" አልኳቸው። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እንዴት እንደጣፈጠኝ!

ከዚያ በኋላ ወተቱን ራሴ መውሰድ ጀመርኩ። የእኔ ሥራ አይደለም፤ ነርሶቹ ይበቁ ነበር። ግን ይህ እንዴት ለሰው ይተዋል? ብርጭቆዋን አሳየዋለሁ፣ በማንኪያ በማንኪያ አጠጣዋለሁ፣ ገና ምላሱ ላይ መጣፈጥ ሲጀምር እሰበስባለሁ።

"ልጄ፣ ትንሽ ጨምሪልኝ" ይላል።

"በቃዎት።"

"ይህቺ እኮ ለድመትም አትሆን። አንጀቴ ታጥፎ ልሞት ነው፤ ስለ እናትሽ ብለሽ!"

ስለ እናቴ! ይህን ጊዜ አላስቻለኝም። "ሆድ እንዳሳዩት ነው፣ አባባ" አልኩት።

ታስታውሺ የለ? ራበን ስንል አፉን ሞልቶ እያኘከ የሚለን ይህንኑ ነበር። ዐይኑ ፊቴ ላይ ሲንከራተት ቆየና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አወቀኝ። ምን እዋሽሻለሁ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

በማግስቱ ልጁ መጣ። ጥጋቡ ብለን ስም ያወጣንለት፣ ቁምሳጥኑ ለእሱ ሲሆን የሚከፈትለት ልጅ። አሁን ቦርጩ ቀድሞት ነው በር የሚገባው። አባቱ እንዲህ እስኪሆን የት እንደነበረ ማንም አልጠየቀውም፤ እሱ ግን መጠየቅ ያውቅበታል። "አባቴን በረሃብ ልትገድሉት ነው? ይህ ሆስፒታል ነው እስር ቤት?" እያለ ኮሪደሩን አናወጠው። ነርሷ ለምን እንደማይበላ ነገረችው፤ ራሱን ሲነቀንቅ የገባው መስሎን ነበር። ለካ ከቦርሳው ውስጥ ምሳ ዕቃ ሙሉ ሩዝና ድንች ይዟል፤ ጣፋጭ ጭማቂም አለው። በበሩ መስታወት ሳይ ሽማግሌውን በትራስ ደግፎ ያጎርሰዋል። ሰውየው እየዋጠ እንባው ይወርዳል።

በሩ ጋ ቆምኩ።

እግሬ አልነቃነቅ አለ፣ እታለሜ። ዞር ብዬ ብሄድ ማን ይጠይቀኛል? ትእዛዙን ሰጥቻለሁ፣ ልጁም ተነግሮታል፣ የሚያጎርሰው የገዛ ልጁ ነው። "ሲሞት ብቻ ንገሪኝ" ያልሽኝ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። አንቺን ራስሽንም አየሁሽ፤ "እኔ ጎረቤት በልቻለሁ" እያልሽ ዳቦሽን ወደ እኔ ስትገፊ፣ ወስፋትሽ ሲጮህ ደግሞ እንዳልሰማው ብለሽ ስትስዪ። ታላቄ ሆነሽ ከትከሻዬ በታች የቀረሽው ለምን እንደሆነ የገባኝ ኮሌጅ ገብቼ ስለ ሕፃናት ዕድገት ስማር ነው። የዚያን ቀን ከክፍል ወጥቼ መጸዳጃ ቤት ውስጥ አለቀስኩ። ነግሬሽ አላውቅም።

ታዲያ ለምን ገባሁ? መሐላሽ ነው፣ ሙያሽ ነው እንዳትዪኝ። አዝኜለትም አይደለም። ያንገበገበኝ ጠግቦ ሊሞት መሆኑ ነው! የልጁን እጅ ይዞ፣ አፉ ጣፍጦት፣ የማንም ረሃብ ትዝ ሳይለው? አይሆንም! በሩን በርግጄ ገባሁና ማንኪያውን ነጠቅኩት። ከአፉ ነው የምልሽ፤ ብረቱ ድዱን ሲፍቅ እጄ ላይ ተሰማኝ። ያልዋጠውንም አስተፋሁት።

ጥጋቡ እጁን አነሳብኝ። "እስቲ ምታ!" አልኩት። ዘበኛው መጣ፣ ሐኪሟ መጣች፣ ወደ ኮሪደሩ አውጥታ ሊያደርግ የነበረውን አንድ በአንድ አስረዳችው። እሱም አኩርፎ ምሳ ዕቃውን ይዞ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ዝር አላለም። አባቱ ኮሪደር ላይ የተባለውን አልሰማም። እሱ ያየው እኔ ጉርሻ ከአፉ ስነጥቅ ብቻ ነው።

ያችው ጥቂት ማንኪያ እንኳ ስንት ነገር አመጣች መሰለሽ። ደሙ ሲታይ ፎስፌቱ ወድቋል፤ የልቡም ምት ይዘበራረቅ ጀመር። ማዕድኑን በደም ሥሩ እየሰጠን በስንት መከራ መለስነው። ምሳ ዕቃውን ጨርሶት ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ በአንድ መስመር እገላገለው ነበር።

ቀናት አለፉ። ወተቱ ሾርባ ሆነ፣ በሾርባው ላይ ዳቦ ተጨመረ፤ ቢሆንም ሳይጠግብ መሰብሰቤን አልተውኩም። እሱ መለመኑን ተወ። ትናንት ሾርባውን ሳጠጣው እጄን ያዝ አደረገና፣

"ታላቂቱስ?" አለኝ።

"አለች። ሩቅ ናት።"

"እሷ አትበላም ነበር። ድርሻዋን ላንቺ ስትሰጥ አያታለሁ፤ አይቼ ዝም እላለሁ።" ትንፋሹን እስኪሰበስብ ጠበቅሁት። "ይኸው አሁን ገባኝ። እያየሽኝ ስትነፍጊኝ ገባኝ። የእጄን ነው ያገኘሁት፣ ተበቀዪኝ፣ ይገባሻል። ለእሷ ግን ንገሪልኝ። በድያችኋለሁ። ይቅር ትበለኝ።"

ቃሉን እንዳለ ነው የጻፍኩልሽ፤ አልጨመርኩበትም፣ አልቀነስኩለትም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ ይኸኛው ወጊ ግን ረስቶም አልነበረም። መራብ ብቻ ነበር የጎደለው። ሾርባውን አስቀምጬ ወጣሁ፤ ፊቴን እንዲያይ አልፈለግኩም።

ዛሬ ጠዋት ሐኪሟ መጥታ "አደጋው አልፏል፣ ከነገ ጀምሮ እንደ ሰው ጠግበው ይብሉ፤ በቅርብም ቤታቸው ይገባሉ" አለችኝ። ቀጥላም "ያን ያህል ያጎደልንባቸው ለሕይወታቸው ብለን እንደሆነ ግን የገባቸው አይመስለኝም፤ አንገታቸውን ደፍተው ነው የሚውሉት። ልግባና ላስረዳቸው" አለች።

"ተይው፣ እኔ እነግራቸዋለሁ" አልኳት።

አልነገርኩትም። አልነግረውምም። ብነግረው የሚለውን አውቀዋለሁ፤ "ለካስ ስታድኚኝ ኖሯል! ተባረኪ ልጄ" ብሎ ይመርቀኝና በደልኩ ያለውን በዚያው ይረሳዋል። የተጸጸተው የተበቀልኩት መስሎት ነው። ደግሞስ አልተበቀልኩትም እንዴ? እኔ ራሴ ለይቼ አላውቀውም። ምርቃቱ ይቅርብኝ፤ ያስራበችኝ የሚስቴ ልጅ ናት እያለ ይኑር።

ያንቺ ነገር ግን ሌላ ነው። የተራብሽው አንቺ ነሽ፣ ይቅርታውንም የላከው ላንቺ ነው። ይቅር ካልሽው ደውዪለትና እውነቱን ራስሽ ንገሪው፤ ስልኩን ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሻለሁ። ካላልሽው ደግሞ ሆድ ይፍጀው።

ልጆቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ከቤትሽ አይጉደል፣ ከፊትሽ ፈገግታ አይጥፋ፣ የዘረጋሽው እጅ አይዛልብሽ። ዕድሜሽን አምላክ ያርዝምልኝ፤ ከእኔም ቆርሶ ይጨምርልሽ።

ድርሻሽን በልቼ ያደግሁት፣
ታናሽሽ